«ደህና ነኝ» ብላችሁ አንድ እንክብል እንዳትዘሉ

ታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቱን ከሰጠኝ ጀምሮ በየዘመድ ቤቱ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የገዛ ወንድምሽ ሥጋ አይደለም እንዴ? ታዲያ ዕድሜ ልክ መድኃኒት መዋጥ ለምን አስፈለገ?» ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው መልሱን በቅጡ ካላወቀ፣ ጤና በተሰማው በአንዱ ቀን ይህንኑ ጥያቄ ራሱን ይጠይቃል፤ መድኃኒቱንም ይተዋል። ስለዚህ ከመልሱ ልጀምር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ ለጋሹና ተቀባዩ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ነበሩ። የተቀባዩ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ከራሱ አካል ለይቶ ማወቅ ስላልቻለ ሰውየው ዛሬ እኛ የምንውጣቸው መድኃኒቶች ሳይኖሩ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ። ከእንዲህ ያለ መንትያ በቀር ግን ለጋሹ እናትም ይሁን ወንድም ወይም ልጅ፣ ኩላሊቱ ለሰውነታችን እንግዳ ነው። በሽታ የሚከላከልልን ኃይል ይህን እንግዳ ለማጥፋት ይነሣል፤ ዓመታት ስላለፉም ይተወዋል ማለት አይደለም። የመድኃኒቶቹ ሥራ ይህን ኃይል ማለዘብ ነው፤ የሚያለዝቡትም በደማችን ውስጥ በበቂ መጠን እስካሉ ድረስ ብቻ ነው።

እኔ ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ የማስተምር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የእያንዳንዱን ሰው መጠን የሚወስነው የሚከታተለው የንቅለ ተከላ ክሊኒክ ብቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ በክሊኒክ ወንበር ላይ የምንተዋወቅ ተካሚዎች እየበዛን መጥተናል። እዚህ የጻፍኩት አዲስ ለሚመጡት ሁልጊዜ የምነግራቸውን ነው።

ከሁሉ በፊት የምነግራቸው ደህንነት መሰማቱ ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ሰውነት ኩላሊቱን ማጥቃት ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሽንት አይቀንስም፤ እግርም አያብጥም። አስቀድሞ የሚናገረው ክሬያቲኒን፣ ማለትም ጤነኛ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በደም ምርመራ ከፍ ብሎ መታየቱ ነው። ሕመሙ እስኪሰማችሁ ከጠበቃችሁ ኩላሊቱ ብዙ ተጎድቶ ይሆናል። የምርመራ ቀጠሮ የሚዘለል ከመሰላችሁ፣ ይበልጥ የምትፈልጉት ምንም ሕመም በማይሰማችሁ ጊዜ መሆኑን አስቡ።

ብዙዎቻችን የምንወስደው ሦስት መድኃኒት ነው፦ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። በታክሮሊመስ ፈንታ ሳይክሎስፖሪን፣ በማይኮፌኖሌት ፈንታ አዛታዮፕሪን የታዘዘላቸውም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ በሰዓት የሚጨክንብን ታክሮሊመስ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ካነሰ ሰውነት ኩላሊቱን ያጠቃል፤ ትንሽ ከበዛ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ኩላሊቱን ይጎዳል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የደም ግፊትና ስኳር ከፍ ያደርጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ዓይነት በ12 ሰዓት ልዩነት የሚዋጠውም ለዚህ ነው።

እኔ የመረጥኩት ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓትን ነው። የምሽቱ ዜና ሲጀምር ቤተሰቡ ሁሉ ያስታውሰኛል፤ እራት ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይቀርባል። ታክሮሊመስ በባዶ ሆድ ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል፤ ዋናው ነገር ግን አወሳሰዱን አለመቀያየር ነው፤ ዛሬ ከምግብ ጋር ነገ ያለ ምግብ አይሁን። ፕሬድኒሶሎን ግን ጨጓራን ስለሚያስቸግር ጠዋት ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የስልካችሁን ማንቂያ ስትሞሉ ተጠንቀቁ፦ ፋርማሲስቱ 8 ብሎ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በእጃችሁ ስትቀበሉ «በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ማሸጊያው ላይም በአማርኛ ይጻፍላችሁ።

ሰዓቱ ካለፈባችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ዛሬውኑ፣ ሳይደርስባችሁ፣ ክሊኒካችሁን ጠይቃችሁ በወረቀት አስፍሩ። በጥቅሉ የሚሠራው ደንብ፣ ቀጣዩ መጠን ከመድረሱ ብዙ በፊት ካስታወሳችሁ ወዲያው መውሰድ፣ ቀጣዩ ሰዓት ከተቃረበ ደግሞ ያለፈውን መተው ነው። በምንም ምክንያት ሁለቱን ደርባችሁ አትዋጡ። ከዋጣችሁ በኋላ ወዲያው ካስመለሳችሁም በግምት አትድገሙ፤ ደውሉ። ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን ያደርጋል፦ መድኃኒቱን ጠርጎ የሚያወጣው ይመስላል እንጂ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ማይኮፌኖሌት ራሱም ያስቀምጣል። በሁለቱም ምክንያት ተቅማጥ ሲበረታ የዚያኑ ዕለት መደወል ያስፈልጋል፤ በራስ ውሳኔ መጠን መቀነስ ግን አይገባም።

በምርመራው ቀን የጠዋቱን ታክሮሊመስ ሳትውጡ ሂዱ። የሚለካው ቀጣዩ መጠን ሊወሰድ ሲል በደም ውስጥ የቀረው ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ውጣችሁ ከሄዳችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታይና ሐኪሙ ያለ ምክንያት ሊቀንስባችሁ ይችላል። እንክብሉን በቦርሳችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ ደም እንደሰጣችሁ ዋጡ። የምሽቱን መጠን በስንት ሰዓት እንደወሰዳችሁም ለባለሙያው ንገሩ።

ስለ ማሸጊያው ደግሞ ትንሽ ልዘግይ፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምፈራው እዚህ ላይ ያለውን ስሕተት ነው። በአገር ውስጥ መድኃኒቱ ሲጠፋ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ይልካል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ታክሮሊመስ ሁሉ አንድ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ አለ፤ ቀስ እያለ የሚለቀቅና በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድም አለ። አንዱን በሌላው ቦታ መዋጥ አደገኛ ነው። የአንድ ዓይነት መድኃኒት አምራች ሲቀየር እንኳ ሐኪሙ አውቆ ደም ሊያስመረምር ይገባል። እንክብሉ ግማሽ፣ አንድ ወይም አምስት ሚሊግራም ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ሳትመለከቱ «ሁለት ፍሬ» ብላችሁ አትቁጠሩ። የአገልግሎት ማብቂያውንም በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡ። በእኛ ዘመን የምትቆጥር እናት ማሸጊያው ላይ 2024 የሚል አይታ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ሊመስላት ይችላል። ላኪው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የምትወስዱትን ማሸጊያ በሁሉም ጎን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት፤ ሲደርሳችሁም ከመክፈታችሁ በፊት ለክሊኒኩ አሳዩ። በቤታችሁ ያለው መድኃኒት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን አንድ ወር ሲቀረው መፈለግ ጀምሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ የቀረበው ነገር ላይ ደረስኩ። በአንጀታችንና በጉበታችን ውስጥ ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪንን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ይህን ኢንዛይም የሚያግድ ነገር ስንወስድ መድኃኒቱ ሳይሰበር በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ኢንዛይሙን የሚያበዛ ነገር ስንወስድ ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቃል። ከሚያግዱት መካከል ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች፣ ለፈንገስ የሚሰጡት ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ዲልታያዜምና ቬራፓሚል፣ ከፍራፍሬም ግሬፕ ፍሩት ይገኛሉ። ግሬፕ ፍሩትን በጭማቂም ቢሆን ጨርሶ ተዉት። ከሚያበዙት ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ዋናው ሪፋምፒሲን ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም እንዲሁ ናቸው። ይህ ማለት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን እምቢ በሉ ማለት አይደለም። የነቀርሳ ሐኪሙና የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ሳይነጋገሩ አንድ ፍሬም አትጀምሩ ማለት ነው። መድኃኒቱን የመቀየር ወይም መጠኑን በተደጋጋሚ ምርመራ የማስተካከል መንገድ አላቸው።

ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ከሱቅ የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በቀጥታ ኩላሊቱን ስለሚጎዱ አይወሰዱም፤ መርፌያቸውም ያው ነው። ለተለመደ ሕመም ፓራሲታሞል የተሻለ ነው፤ ትኩሳት ካለ ግን ለሐኪም ሳይነገር ማብረድ አይገባም። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለባቸው የጨጓራ መድኃኒቶች ማይኮፌኖሌት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። አዛታዮፕሪን የምትወስዱ ሰዎች ሪህ ቢይዛችሁና አሎፑሪኖል ቢታዘዝላችሁ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ሴሎችን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርዱ ስለሚችሉ ከመጀመራችሁ በፊት ለንቅለ ተከላ ሐኪማችሁ ንገሩ። ኮሶ፣ ዳማ ከሴ፣ በማር የተለወሰ ልዩ ልዩ ቅጠል፦ አብዛኛው ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር አልተፈተነም፤ ያልተፈተነውን በተሰጠን ኩላሊት ላይ አንፈትን።

የጠበልን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ታማኝ አልሆንም፤ መድኃኒት ሲቋረጥ የማየው ብዙ ጊዜ በእርሱ ምክንያት ነውና። እኔ ራሴ እንጦጦ ማርያም እሄዳለሁ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ለእኛም የሚከለክል ምክንያት አላየሁም። ጸልዩ፣ ተጠመቁ፣ እንክብሉንም በሰዓቱ ዋጡ። ያልተፈላ ውኃ ስለመጠጣትና በሕዝብ መካከል ስለመጨናነቅ ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ። በጾም ጊዜ የጠዋቱ መድኃኒት እንዳይቀር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሙስሊም ለሆናችሁ ደግሞ በረመዳን ከማፍጠሪያ እስከ ሱሁር ያለው ጊዜ 12 ሰዓት ስለማይሞላ፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደውን አስታውሳችሁ ከወሩ ቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለእኛ አይሆኑም፤ በፋሲካም ቢሆን በደንብ ይብሰልላችሁ። ወተትም ይፈላ። ሕይወት ያላቸው ክትባቶች፣ ለምሳሌ የቢጫ ወባና የኩፍኝ፣ አይወሰዱም፤ ለጉዞ የቢጫ ወባ ካርድ ከተጠየቃችሁ ሐኪማችሁ የሕክምና ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የቤቱ ልጆች ክትባታቸውን አያቋርጡ፤ በአፍ የሚሰጠውን የፖሊዮ ክትባት የወሰደ ሕፃን ካለ ግን ለጊዜው ሌላ ሰው ያጸዳዳው። ፀሐይ ላይ የምትውሉ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ እነዚህ መድኃኒቶች በረጅም ጊዜ የቆዳ ካንሰርን ዕድል ከፍ ያደርጋሉ።

ለሴቶች አንድ ነገር ለብቻ ልናገር። ማይኮፌኖሌት ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። መውለድ የምትፈልጉ ከሆነ ከማርገዛችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በፊት ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ሊተካው ይገባል፤ እስከዚያ አስተማማኝ መከላከያ ተጠቀሙ። ሳታስቡት ካረገዛችሁ በፍርሃት ሁሉንም መድኃኒት አታቋርጡ፤ በዚያኑ ቀን ሐኪማችሁ ዘንድ ሂዱ። ፊታችሁ በፕሬድኒሶሎን ሲነፋ «ወፍረሻል» የሚላችሁ ይበዛል። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ እንክብሉን አትተዉ፤ በድንገት ሲቋረጥ ሰውነትን ይጥላል። መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በጊዜ ሂደት ይቀነሳል፣ ፊትም ይመለሳል።

ቴርሞሜትር በቤታችሁ ይኑር። የሰውነታችሁ ሙቀት 38 ሲደርስ፣ ሽንት ሲቀንስ ወይም ሲያቃጥል፣ የተተከለበት ቦታ ሲያም፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ማስመለስ መድኃኒት መዋጥ ሲከለክላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ስለሚሸፍን ሙቀቱ ከ38 በታች ሆኖ ሰውነታችሁ ቢደክምም ደውሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም ይመርመር። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ንቅለ ተከላው የተደረገበትን ቀን፣ የክሊኒኩን ስልክና የመጨረሻውን የክሬያቲኒን ውጤት የያዘ ወረቀት ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ፤ አንድ ቅጂም አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ይያዝ። የትኛውም ጤና ጣቢያ ስትገቡ፣ ለጥርስ ሕመምም ቢሆን፣ ሐኪሙ የማዘዣ ወረቀቱን ከማንሣቱ በፊት «ኩላሊት ተተክሎልኛል» በሉና ይህን ወረቀት ስጡት።