የውሻና የድመት ሕክምና ወጪን እንዴት መሸከም፣ የመድን ውልንስ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሻ የሚያሳድገው ሌሊት ሌባና ጅብ ስለሚያሰጋው ነው። ውሻው የታመመ ዕለት ግን የምርመራው፣ የመድኃኒቱና ሐኪሙ ከመሀል ከተማ የሚመጣበት የትራንስፖርት ወጪ ተደራርቦ ስለሚመጣ፣ «ለእንስሳት የሚሆን ኢንሹራንስ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም።

ኩባንያ ከማነጋገር በፊት ወጪውን በደብተር ላይ በሁለት ከፍሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በአንደኛው ገጽ ጊዜው የሚታወቀው ወጪ ይስፈር፤ ክትባት፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የቁንጫ መከላከያ፣ ማምከን። በሌላኛው ገጽ ድንገት የሚደርሰው ይጻፍ፤ በመኪና መገጨት፣ መመረዝ፣ የአጥንት ስብራት፣ የጠና ምጥ። መድን የተፈጠረው ለዚህ ለሁለተኛው ገጽ ነው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1924 ለውሻ የመድን ውል መጻፍ ከተጀመረ ወዲህ አሠራሩ ወደ ብዙ አገሮች ቢስፋፋም፣ የተለመዱት ውሎች ዛሬም ክትባትንና የትል መድኃኒትን አይሸፍኑም፤ የሚሸፍኑትም ተጨማሪ አረቦን፣ ማለትም ለመድን በየጊዜው የሚከፈል ክፍያ፣ ያስከፍላሉ።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ገጽ ወጪ በጊዜው መክፈል ነው። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ቡችላን ደም በተቀላቀለበት ተቅማጥና ትውከት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠፋ የተለመደ መድኃኒት ስለሌለም ሕክምናው ለቀናት ግሉኮስ መስጠትንና የቅርብ ክትትልን ይጠይቃል። የዚህ ሂሳብ ከክትባቱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክትባቱ ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ይጀመርና በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በ3 ወሩ ተሰጥቶ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ይህ ክትባት ብዙ ጊዜ 10 ውሻ በሚያስከትብ ብልቃጥ ስለሚመጣና ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ሊቆይ ስለማይችል፣ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ቆርጠው ሐኪሙን በጋራ ቢጠሩት መድኃኒቱም አይባክንም፣ ትራንስፖርቱም ይካፈላል። እቁብ ለጣለ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ መድኑ ስንመጣ፣ በአገራችን የእንስሳት መድን ሲባል በይበልጥ የሚታወቀው የቀንድ ከብት መድን ነው። የወተት ላም ውል በአብዛኛው የሚክሰው ላሟ ስትሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው ደግሞ የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ ድርቅ ሲደርስ የሚከፍል እንጂ የአንዲትን ላም የሐኪም ሂሳብ የሚመለከት አይደለም። እንግዲህ ለውሻዎ ውል ሲቀርብልዎ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚከፈለኝ ሲሞት ነው ወይስ ሲታከም?» የሚል ይሁን።

ሕክምናን የሚሸፍን ውል ከሆነ ሦስት ቁጥሮችን ይፈልጉ፤ ባለቤቱ አስቀድሞ ከኪሱ የሚከፍለውን መነሻ ገንዘብ፣ ከቀሪው ኩባንያው የሚተካውን መቶኛ፣ በዓመት ሊከፈል የሚችለውን ጣሪያ። ለምሳሌ ሂሳቡ 12,000 ብር፣ መነሻው 2,000 ብር፣ የሚተካው 80 በመቶ ነው እንበል። መነሻው አስቀድሞ ከተቀነሰ ከ10,000 ብር ላይ 8,000 ብር ይተካልዎታል። መቶኛው አስቀድሞ ከተሰላ ግን 9,600 ብር ሆኖ፣ ከዚያ መነሻው ሲቀነስ የሚደርስዎ 7,600 ብር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር አቀማመጥ 400 ብር ይሄዳል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በጽሑፍ እንዲገለጽ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከቁጥሮቹ ባልተናነሰ መነበብ ያለበት የማይሸፈነው ዝርዝር ነው። ከውሉ በፊት የነበረ ሕመም በአብዛኛው አይካስም፤ ከፊርማው በኋላም ለሕመም ሁለት ሳምንት ገደማ ካሳ የማይከፈልበት የመጠበቂያ ጊዜ መኖሩ የተለመደ ነው። ውሻው እያነከሰ መሄድ ከጀመረ በኋላ ውል መፈረም፣ እንግዲህ፣ ገንዘብ መጣል ነው። ዕድሜው የገፋ እንስሳን የማይቀበሉ ወይም አረቦኑን በየዓመቱ የሚጨምሩ ውሎችም አሉ። ብዙዎቹ ደግሞ የሚሠሩት ባለቤቱ አስቀድሞ ከፍሎ ደረሰኝና የሕክምና ማስረጃ ሲያቀርብ ነው፤ ስለዚህ መድን ያለውም ሰው በእጁ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል። የክትባት ደብተሩ ካልተሟላ ካሳው ሊከለከል እንደሚችልም አይዘንጉ።

ሰዎች የሚያልፉት አንድ አንቀጽ ግን አለ፤ ውሻው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሰጠው ሽፋን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 ላይ፣ እንስሳው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባመለጠ ጊዜም ጭምር ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። አጥሩ ያላለቀ ግቢ ውስጥ ጠባቂ ውሻ ለሚያኖር ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ሽፋን ከሕክምናው ሽፋን ይበልጣል።

የሚስማማ ውል ያላገኘ ሰው ለአረቦን ሊያወጣ ያሰበውን ያህል በየወሩ ለብቻው በተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ ያስቀምጥ። የዚህ መንገድ ድክመት አደጋው በሁለተኛው ወር ከደረሰ ገንዘቡ የማይበቃ መሆኑ ነው፤ ስለሆነም መነሻ የሚሆን አንድ ዳጎስ ያለ መጠን አስቀድሞ ማስገባት ይበጃል።

ክሊኒክ ሲደርሱ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ግምታዊ ዋጋውን ይጠይቁ፤ የትኛው ምርመራ ዛሬ የግድ እንደሆነ፣ የትኛውስ ውጤት ታይቶ ሊታዘዝ እንደሚችል ሐኪሙ እንዲለይልዎ ያድርጉ። ቀዶ ሕክምና ከታሰበና እንስሳው መንገድ የሚችል ከሆነ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ስላለው ደውሎ ማነጻጸር ይቻላል። እስከዚያው ከቤት መድኃኒት ሳጥን ምንም አይስጡ፤ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ሳያውቁ ሰጥተው ከሆነ ደግሞ የክኒኑን ስም፣ መጠኑንና የሰጡበትን ሰዓት ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ያለዚያ ምክንያቱን ለማወቅ ለሚደረገው ምርመራ ሁሉ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።