ነዋሪውን ሲያማክሩ ምክር ቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአካባቢ ምክር ቤት ነዋሪውን «ምን ትላላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት ቃል ገባ ማለት ነው፤ መልሱ ውሳኔውን ሊቀይር ይችላል፣ ምን እንደተደረገበትም ተመልሶ ይነገራል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱ ሲጓደል የሚመጡ ናቸው።

ከወሰኑ በኋላ መጠየቅ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ንድፉ አልቆ፣ በጀቱ ተመድቦ፣ ተቋራጩ ተመርጦ ስብሰባ ከተጠራ ነዋሪው ወዲያው ይነቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይመጣም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1985 ከታየው የገኒንግ ጉዳይ ወዲህ አንድን ምክክር በአራት ነገር ይመዝናሉ፦ ሐሳቡ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ መጠየቁ፣ ምክንያቱ በሚገባ መገለጹ፣ በቂ ጊዜ መሰጠቱ፣ መልሱ ከውሳኔ በፊት ከልብ መታየቱ።

አማራጭ መደበቅም የዚሁ ዘመድ ነው። በለንደን የሃሪንጌይ ምክር ቤት ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሰጠውን የመኖሪያ ቤት ግብር ድጎማ ሊቀንስ ሲያማክር፣ ግብሩን ከፍ ማድረግ ወይም ከመጠባበቂያ ገንዘብ መሸፈን እንደሚቻል ለነዋሪው አላነሣም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ምክክሩ ሕገወጥ ነበር ብሎ ፈረደ።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለቀውንና ክፍት የሆነውን ለይቶ መጻፍ፤ «መንገዱ እንዲሠራ ተወስኗል። ያልተወሰነው የእግረኛ መሻገሪያው የት ይሁን የሚለው ነው።» የተጣሉት አማራጮችም ለምን እንደተጣሉ በአጭሩ ይገለጽ።

መልሱን በጉያው የያዘ ጥያቄ

«ልጆች በሰላም የሚጫወቱበት ፓርክ እንዲኖር ይፈልጋሉ?» ተብሎ ቢጠየቅ እምቢ የሚል የለም። ጥያቄው የሚታጣውን ነገር ስለደበቀ መልሱ ለውሳኔ አይረዳም። «ክፍቱ ቦታ ፓርክ ይሁን ወይስ እንዳለ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ይቆይ? ፓርክ ከሆነ 40 መኪኖች ሌላ ማቆሚያ መፈለግ አለባቸው» ቢባል ግን ሰው አመዛዝኖ ይመልሳል።

ሁለት ነገር ባንድ ላይ መጠየቅም እንዲሁ ነው፤ «በመንገድ መብራቱና በጽዳቱ ረክተዋል?» ሲባል በመብራቱ የረካ፣ በጽዳቱ የተማረረ ሰው የትኛው ላይ ምልክት ያድርግ? የመልሱ ደረጃዎችም ሚዛናዊ ይሁኑ፦ ሁለት የድጋፍ፣ ሁለት የተቃውሞ፣ አንድ መሐል። «አላውቅም» ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ፤ አለዚያ የማያውቀው ሁሉ መሐሉን ይመርጥና ሰዉ ግድ የሌለው ይመስላል። መጠይቁ ከመበተኑ በፊት ከምክር ቤቱ ውጭ ለሆኑ ከ5 እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች ይሰጥ፤ ድምፃቸውን አውጥተው እያነበቡ የተረዱትን ይናገሩ። የሚደናቀፉበት ጥያቄ ያኔውኑ ይታወቃል።

የመለሰውን ሁሉ «ሕዝቡ» ማለት

ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1936ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ዕጩው አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ያሸነፈው ተፎካካሪው ሩዝቬልት ነበር። የስም ዝርዝሩ በአብዛኛው ስልክና መኪና ካላቸው ሰዎች የተወሰደ ነበር፤ መልስ የላኩትም ካልላኩት ይለዩ ነበር። በአንጻሩ በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች በትክክል ከመለሱ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት የስህተቱ መጠን ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ ግድም ነው።

መጠይቁ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ከሆነ ሪፖርቱ «ከመለሱት 70 በመቶው» ይበል እንጂ «ከነዋሪው 70 በመቶው» አይበል። ጊዜው ሳያልቅ፣ እኩሌታው ላይ፣ የመላሾቹን ዕድሜ፣ ጾታና መንደር ከሕዝብ ቆጠራው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ተከራዮች ወይም ወጣቶች ከጎደሉ ወዳሉበት ሄዶ ለመጠየቅ ያኔ ጊዜ አለ፤ ከተዘጋ በኋላ ጉድለቱን ማወቅ የሚጠቅመው ለሪፖርቱ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው።

ስብሰባውን ለተናጋሪዎች መተው

አንድ ማይክሮፎን ባለበት ትልቅ አዳራሽ የሚሰማው የለመደው ሰው ድምፅ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰው በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይሻላል። አወያዩና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ጸሐፊው የተባለውን በተናጋሪው ቃል ጽፎ፣ ከመበተናቸው በፊት ያንብብላቸው። በሥራ ሰዓት ብቻ መጥራት ሠራተኛውን አውቆ እንደማስቀረት ነው።

ጊዜ ማሳጠር

ለከባድ ጉዳይ ሁለት ሳምንት አይበቃም። ማኅበራት ራሳቸው ተሰብስበው መምከር ስላለባቸው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይሰጥ፤ በዓላት ከገቡበት ይራዘም።

ሰምቶ ዝም ማለት

ነዋሪውን የሚያስኮርፈው ሐሳቡ አለመቀበሉ ሳይሆን የት እንደደረሰ አለማወቁ ነው። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይበቃል፦ የተባለው፣ የተወሰነው፣ ምክንያቱ። ውድቅ የሆኑትም ይግቡበት፤ «መሻገሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይጠጋ — አልተቀበልነውም — ቦታው መታጠፊያ ስለሆነ ሹፌር እግረኛውን ቀድሞ አያይም።» በመንደር ወይም በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲወጣ ከ5 ሰው በታች ያለበት ቁጥር ይሸፈን፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዳይለይ። ሪፖርቱ የሚወጣበት ቀን መጠይቁ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሲወጣም ጥያቄው በተሰራጨበት መንገድ ሁሉ ይድረስ። በወረቀት የመለሰ ሰው ውጤቱን በኢንተርኔት ብቻ እንዲፈልግ አይገደድ።