ቢልድ ስክሪፕቱ ፕላትፎርሙን ሲስት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከግንባታ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ኮንፊገር ስክሪፕትም ሆነ የግንባታ መሣሪያው ሲሜክ ፕላትፎርሙን (የፕሮሰሰሩንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ዓይነት) ሲስት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ኮዱ የሚገነባበትን ማሽን ይጠይቅና መልሱን ፕሮግራሙ ለሚሠራበት ማሽን ይወስደዋል።

ምልክት፦ ራስበሪ ፓይ 4 (ትንሽ የአርም ኮምፒውተር) ላይ ኮምፓይለሩ ለአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ብቻ የተጻፈውን የአሴምብሊ ፋይል አልቀበልም ይላል።

ስክሪፕቱ የሲስተሙን መረጃ የሚያሳየውን «ዩኔም» የተባለ ትእዛዝ በ«ኤም» አማራጭ ጠርቶ «ኤአርች64» (64 ቢት አርም) የሚል መልስ አግኝቷል፤ ስለዚህ የ64 ቢቱን ፋይል መርጧል። ዩኔም የሚናገረው ግን ስለ ከርነሉ፣ ማለትም ስለ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ብቻ ነው። 32 ቢቱ ራስበሪ ፓይ ኦኤስ 64 ቢት ከርነል ይዞ ሊነሳ ይችላል፤ ኮምፓይለሩና ላይብረሪዎቹ ያኔም 32 ቢት ናቸው። በ64 ቢት ሰርቨር ላይ የ32 ቢት ዶከር ኮንቴይነር (የሰርቨሩን ከርነል የሚጋራ የተነጠለ አካባቢ) ሲነሳም የሚደርሰው ይኸው ነው።

መፍትሄው ኮምፓይለሩን መጠየቅ ነው። ጂሲሲና ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ከአንድ ሰረዝ ቀጥሎ «ደምፕማሽን» ሲባሉ ለየትኛው ማሽን እንደሚሠሩ ይናገራሉ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ለጂሲሲ 32 ቢት የሚያስገድደውን «ኤም32» ብትጨምሩም የደምፕማሽን መልስ አይለወጥም። ስለዚህ የመጨረሻውን ቃል ለፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻ ለሚይዘው እሴት) መጠን ስጡ፤ 4 ባይት ከሆነ 32 ቢት፣ 8 ከሆነ 64 ቢት ነው። ሲሜክ ይህን ራሱ ለክቶ በተለዋዋጭ ያስቀምጠዋል።

ምልክት፦ የቆየ ፓኬጅ ኮንፊገር ሲደረግ «የሲስተሙን ዓይነት መገመት አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል።

ከሶርሱ ጋር የመጡት ሁለት ስክሪፕቶች፣ የማሽኑን ዓይነት የሚገምተው «ኮንፊግ.ጌስ» እና ስሙን የሚመረምረው «ኮንፊግ.ሰብ»፣ አርጅተዋል። ሁለቱም የሚሠሩት በውስጣቸው በተጻፈ የስም ዝርዝር ነው፤ እነሱ ከተጻፉ በኋላ የመጣን ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ 64 ቢት አርምን ወይም ሪስክ-ቪን፣ አያውቁም። ስሙን በ«ቢልድ» አማራጭ በእጅ መስጠት የመጀመሪያውን ያሳልፋል፤ ሁለተኛው ግን የተሰጠውን ስም ስለሚመረምር እንደገና ይቆማል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «አውቶቱልስ-ዴቭ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ አዲሶቹን ቅጂዎች ከ«/ዩኤስአር/ሼር/ሚስክ» ወስዳችሁ በአሮጌዎቹ ላይ ገልብጡ። ንዑስ ፎልደሮች ውስጥ ሌሎች ቅጂዎች ይደበቃሉና በ«ፋይንድ» ፈልጓቸው። የኮንፊገር ስክሪፕቱን እንደገና የሚያመነጨው «አውቶሪኮንፍ»ም ያድሳቸዋል፤ በቆየ ፓኬጅ ላይ ግን ሌላ ኤረር ማምጣቱ የተለመደ ስለሆነ መገልበጡን እንመርጣለን።

ምልክት፦ ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ለዊንዶውስ ስትገነቡ የሊኑክስ ሶርስ ፋይሎች ይገባሉ።

«ሆስት» የሚለው ቃል ነው ያሳሳታችሁ። በአውቶኮንፍ (ኮንፊገር ስክሪፕትን በሚያመነጨው መሣሪያ) እና በሜሶን (በሌላ የግንባታ መሣሪያ) ሆስት ማለት ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽን ነው፤ በሲሜክ ደግሞ ተቃራኒው፣ የሚገነባበት ማሽን ነው። ስክሪፕት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ቃሉ እንዳለ ከተገለበጠ ትርጉሙ ይገለበጣል። ሲሜክ ውስጥ «ሆስት» የሌለበትን «ሲሜክ_ሲስተም_ኔም» ተጠቀሙ። አውቶኮንፍ ላይ «ሆስት»ን ስጡ፤ «ታርጌት» ለኮምፓይለርና ለመሰል መሣሪያዎች ብቻ ስለሆነ ለተራ ፕሮግራም ብትሰጡት ቢልዱ ዝም ብሎ ለራሳችሁ ማሽን ይወጣል።

ማክ ላይ የሊኑክሱ ኮድ ከተመረጠ የ«ኢፍ» ቅደም ተከተሉን እዩ። ሲሜክ ማክንም «ዩኒክስ» ስለሚል «አፕል»ን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የፕሮሰሰር ስምም አይመሳሰልም፦ ያው ኢንቴል 64 ቢት ሊኑክስ ላይ «ኤክስ86_64»፣ ዊንዶውስ ላይ «ኤኤምዲ64» ነው፤ የአርሙም ሊኑክስ ላይ «ኤአርች64»፣ ማክ ላይ «አርም64» ነው። ሁሉንም ወደ ትናንሽ ፊደላት ቀይራችሁ ሁለቱንም ስሞች ተቀበሉ።

የፕሮሰሰሩን ስም የሚይዘው የሲሜክ ተለዋዋጭ ባዶ ከሆነ «ፕሮጀክት» ከሚለው ትእዛዝ በፊት ጠይቃችሁታል ማለት ነው፤ ወይም ለሌላ ማሽን ስትገነቡ መሣሪያዎቹን ለሲሜክ የሚገልጸው የቱልቼይን ፋይላችሁ የሲስተሙን ስም ሰጥቶ የፕሮሰሰሩን ረስቷል። ፋይሉን አርማችሁም ለውጥ ካላያችሁ ሲሜክ የመጀመሪያውን ውጤት ካሽ ውስጥ ይዞታል፤ የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ከአዲስ ጀምሩ።