ኤአይ የሚረባ ስራ እንዲሰራላችሁ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ሁኔታውን ንገሩት

ብዙ ሰው እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ ሞክሮ "ምንም አይረባም" ብሎ የሚተወው በመጀመሪያው ቀን ነው። ምን ብለህ ጠየቅከው ስትሉት "ደብዳቤ ጻፍልኝ አልኩት፣ የሆነ ደረቅ ነገር ሰጠኝ" ይላል። ለማን እንደሚላክ፣ ስለምን እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደተባባሉ ምኑንም አልነገረውም። ሰውም ቢሆን እኮ በዚህ መረጃ ጥሩ ደብዳቤ አይጽፍም።

ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት ሁኔታውን ጻፉለት፣ ለማያውቃችሁ ሰው እንደምታስረዱት አድርጋችሁ። ለምሳሌ እንዲህ በሉት፦ "ስራውን አርብ ማስረከብ ነበረብኝ፣ ዳታው ዘግይቶ ስለደረሰኝ እስከ ረቡዕ ጊዜ እንዲሰጠኝ አለቃዬን ልጠይቀው ነው፣ ባለፈው ወርም አንዴ አራዝሞልኛል ስለዚህ ሰበብ የምደረድር እንዳይመስልብኝ፣ ከስድስት መስመር አይብለጥ፣ ብዙ ይቅርታ አይኑረው።" ይሄን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ የሚመጣው መልስ ግን ከመጀመሪያው ጋር አይገናኝም። ሌላም አለ፣ ከዚህ በፊት የጻፋችሁትን ሁለት ሶስት ኢሜይል ኮፒ አድርጋችሁ "አጻጻፌ እንዲህ ነው" በሉት። ጂፒቲ 3 የሚባለው የኤአይ ሞዴል (ከቻትጂፒቲ በፊት የነበረ ፕሮግራም) በ2020 ሲወጣ ብዙዎችን ያስገረመው አንዱ ነገር ይሄ ነበር፣ እንደገና ሳይሰለጥን ጥቂት ምሳሌ ብቻ አይቶ ስራውን መያዙ። አሁን ያሉትም በዚህ በጣም ጎበዝ ናቸው፣ "ጥሩ አድርገህ ጻፍ" ከማለት አንድ ምሳሌ መስጠት ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እሱም መልሱን ምን ያህል እንመነው የሚለው ነው። እነዚህ ሞዴሎች ከስር የሚሰሩት ከዚህ በፊት ካለው ጽሁፍ ተነስተው ቀጥሎ የሚመጣውን ቁራጭ ቃል በመገመት ነው። ግምቱ በጣም የተዋጣለት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል፣ ግን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ አይነት ድምጽ ነው የሚነግራችሁ፣ ሲሳሳት አይንተባተብም። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አስገቡ፣ ውሳኔዎቹ ጭራሽ የሌሉ ሆነው ተገኙ፣ 5,000 ዶላርም ተቀጡ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ቅጣቱ አይደለም፣ አንደኛው ጠበቃ እዛው ቻቱ ላይ "ይሄ እውነተኛ ጉዳይ ነው?" ብሎ ጠይቆት ነበር፣ እሱም አዎ ብሎታል። ማለት "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ኤአይውን እራሱን መጠየቅ ማጣራት አይደለም። እንደውም በተቃራኒው ልክ የሆነውን መልስ እንኳን ስትጠራጠሩት "ይቅርታ፣ ልክ ነህ" ብሎ ወደ ስህተት የሚቀይርበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምጠቀመው መመዘኛ መልሱ ሲመጣ በራሴ አይን ላጣራው እችላለሁ ወይ የሚል ነው። የማውቀው ስራ ከሆነ፣ ወይ ደግሞ ሰነዱ እጄ ላይ ካለ፣ ልቤ ሳይከፈል እሰጠዋለሁ። ማጣራት የማልችለው ከሆነ፣ በተለይ ስለ መድሃኒት፣ ስለ ህግ፣ ስለ ገንዘብ ከሆነ፣ መልሱን እንደ ጥቆማ ብቻ ነው የምይዘው፣ ከዛ ዋናውን ምንጭ ወይ ባለሙያውን እፈልጋለሁ። ሰነድ ስትሰጡት ደግሞ "እዚህ ሰነድ ላይ ካለው ብቻ መልስ፣ ከሌለ የለም በል፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አረፍተ ነገሩን እንዳለ ጥቀስልኝ" በሉት፣ የጠቀሰውን ፋይሉ ላይ ሰርች አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ ወይ አታገኙትም። ይሄን የለመድኩት ከደረሰብኝ ነው፣ አንዴ ረጅም ቃለ ጉባኤ አሳጥርልኝ ብዬው "ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል" የተባለውን አጀንዳ "ጸድቋል" ብሎ አመጣልኝ፣ ለሰው ልልከው ስል ነው ያየሁት።

ቁጥር ላይም ተጠንቀቁ። ብዙ ቁጥር ደምርልኝ ከምትሉት የኤክሴል ፎርሙላውን ጻፍልኝ በሉት፣ ስሌቱን ኤክሴል ይስራው።

ሀሳባችሁን እንዲገመግምላችሁ ስትፈልጉ "ጥሩ ሀሳብ ነው አይደል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ የመስማማት ዝንባሌ ስላለው ብዙ ጊዜ አዎ ነው የሚላችሁ። "ይሄን እቅድ የሚቃወም ሰው ምን ምን ያነሳል፣ ከሁሉም የደከመው ቦታ የቱ ነው" ስትሉት ነው የሚጠቅም ነገር የሚወጣው። ቻቱ በጣም ሲረዝምም መጀመሪያ ያላችሁትን መዘንጋት ይጀምራል፣ በአንዴ የሚያየው ጽሁፍ ገደብ አለው። ያኔ እስካሁን የተስማማንበትን በአጭሩ ጻፍ ብላችሁ እሱን ይዛችሁ አዲስ ቻት ክፈቱ።

በአማርኛ ስትጠቀሙ አንድ ነገር እወቁ። የሰለጠነበት የአማርኛ ጽሁፍ ከእንግሊዝኛው በጣም ያነሰ ነው፣ ፊደላችንም ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት አሰራር አንዱ ሆሄ 3 ባይት (የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ) ይወስዳል የእንግሊዝኛው ደግሞ 1፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ጽሁፍ ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጭ ነው የሚበታተነው። ለዛ ነው አንዳንዴ አማርኛው የትርጉም ሽታ ያለው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ አፋችሁን ያደናቀፈውን ቦታ እራሳችሁ ቀይሩት።

ፓስወርድ፣ የሰው መታወቂያ፣ የደንበኛ ፋይል አታስገቡ፣ ሴቲንግ ውስጥም ገብታችሁ የምትጽፉት ለስልጠና ይዋል ወይስ አይዋል የሚለውን እዩት።

ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ መጀመሪያ እራሳችሁ ሞክሩ። ተሳስታችሁም ቢሆን የሰራችሁትን ስጡትና "መልሱን አትንገረኝ፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ አሳየኝና ጥያቄ ጠይቀኝ" በሉት። ከዛ አስተካክላችሁ መልሳችሁ አሳዩት፣ ሲገባችሁ ደግሞ ተመሳሳይ ሶስት ጥያቄ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁና ቻቱን ዘግታችሁ በወረቀት ስሩት።