ጧፍና ሻማ ከንጹሕ ሰም ቤት ውስጥ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ሰፈፉን፣ ማለትም ማሩ ሲጨመቅ ወይም ጠጁ ሲጠለል የሚቀረውን ሰም ያለበት ተረፈ፣ መጣል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ማሩ ይጨመቅና ሰፈፉ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከዓለም ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት፤ ገበያ ላይ ከሚውለው ሰም ብዙው የሚሰበሰበውም ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ ነው። እናቴ ለትንሣኤ ሌሊት የምናበራውን ጧፍ የምትሠራው ከዚሁ ነበር። የዛሬው ጧፍ ግን ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ፓራፊን ነው፤ ሲበራ የማር ሽታ የለውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ንጹሕ ጧፍ ከቤታችን ሊወጣ ይችላልና።

ሰፈፉን ሳያጥቡ እሳት ላይ መጣድ ሥራውን ገና ከጅምሩ ያበላሸዋል። የቀረው ማር ያርርና ሰሙን ያጠቁረዋል፤ ሻማው ሲበራም ይንጣጣል። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፣ ከዚያ አሽተው ይጠቡት። ሰፈፉ ገና ከማሩ የተለየ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያው እጣቢ ብርዝ ይሆናል፤ አይድፉት። የታጠበውን ጆንያ ውስጥ ጨምረው አፉን አስረው ውሃ ባለበት ድስት ይቀቅሉት፤ በእንጨት እየተጫኑ ሲያሹት ሰሙ በጆንያው ቀዳዳ እየወጣ ይንሳፈፋል። ውሃው የዝናብ ቢሆን ይመረጣል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ከሰሙ ጋር ተዋህዶ እንደ ሳሙና ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ድስቱን አውርደው ቀዝቃዛ ቦታ ሲያስቀምጡት ሰሙ ቆሻሻውን እንደያዘ ይረጋል። ይልቅስ ከድነው በአሮጌ ጋቢ ይጠቅልሉት። ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እድፉ ወደ ታች ይወርዳል፣ በማግስቱ ሰሙ እንደ ዳቦ ሙሉ ሆኖ ይነሣል። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር በቢላ ይፋቁ፣ እንደገና ያቅልጡና በነጠላ ቁራጭ ያጥልሉት። ሁለት ጊዜ ያልተጣራ ሰም ለሻማ አይሆንም፤ ደቃቁ እድፍ ክሩን ይደፍነዋል።

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ንጹሕ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ከ85 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ቀለሙ መጥቆር ይጀምራል፣ ሽታውም ይጠፋል። ሰፊ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተው የሰሙን ዕቃ እዚያ ውስጥ ያስቀምጡ። ዕቃው የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ ተራ ብረትና መዳብ ሰሙን ያጠቁሩታል። አጠገቡ ሳይኖሩ አይተዉት። ድንገት እሳት ከያዘው ምንጊዜም ውሃ አያፍሱበት፤ ውሃው በቅጽበት ተንኖ የሚነደውን ሰም ወደ ፊትዎ ይረጨዋል። ምድጃውን ያጥፉና በክዳን ይድፈኑት።

ሰም ከገበያ የሚገዙ ከሆነ ሳይሰብሩ አይግዙ። አንድ ጊዜ ላዩ ደማቅ ቢጫ የሆነ ሰም ገዝቼ ቤት ስሰብረው መሐሉ ገርጥቶ አገኘሁት፤ ሞራና ፓራፊን ገብቶበታል። ንጹሕ ሰም ሲሰበር ስብራቱ ሸካራና ደብዛዛ ነው፣ ማር ማር ይሸታል፣ ቢያኝኩት ጥርስ ላይ አይጣበቅም። ሲዳስሱት የሚያሟልጭ፣ እጅ ላይ ቅባት የሚተው ከሆነ ይጠርጥሩት።

የክሩ ጉዳይ የሥራው ልብ ነው፤ ሰሙ የቱንም ያህል ቢጠራ ክሩ ካልተስማማው ጧፉ አይበራም። ዛሬ ሱቅ ያለው ክር ብዙው ናይለን የተቀላቀለበት ነው። ጫፉን በእሳት ይሞክሩት፦ ጥጥ ከሆነ ብን የሚል አመድ ይሆናል፣ ናይለን ካለበት ደግሞ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ካገኙ ምን ይፈልጋሉ! ውፍረቱም ልክ አለው። የቀጠነ ክር የቀለጠው ሰም ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል፤ የወፈረ ደግሞ ያጨሳል፣ ጥላሸት ያወጣል። ንጹሕ ሰም ከፓራፊን ይልቅ ወፈር ያለ ክር ይወድዳል። ስለዚህ ብዙ ከመሥራትዎ በፊት በሦስት ዓይነት ውፍረት አንድ አንድ ጧፍ ሠርተው አብርተው ይዩ። ክሩን መጀመሪያ የቀለጠ ሰም ውስጥ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ድረስ ያቆዩት፤ አየርና እርጥበት ከቀረበት ሲበራ ይተፋል።

ሲነክሩ ሰሙ ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። ከዚያ የጋለ ከሆነ ቀድሞ የያዘውን ድርብ መልሶ ያቀልጠዋል፣ እርስዎም ደጋግመው እየነከሩ ጧፉ ለምን አልወፍር እንዳለ ይገረማሉ። በእያንዳንዱ ንክር መካከል ጥቂት ደቂቃ ሰቅለው ያቆዩት። በቅርጽ የሚያፈሱት ሻማ ቶሎ እንዲረጋ ብለው ማቀዝቀዣ ውስጥ አያስገቡ፤ ይሰነጠቃል።

ከዚሁ ሰም ለተረከዝና ለከንፈር ቅባት የሚሠሩ ደግሞ ውሃ ወይም የሎሚ ጭማቂ ሲጨምሩ አያለሁ። ውሃ የገባበት ቅባት ይሻግታል። አንድ እጅ ሰም ለአራት እጅ የወይራ ወይም የሰሊጥ ዘይት፣ ደረቅ ብልቃጥ፣ በቃ። ትኩስ ቃጠሎ ላይ ግን ምንም ዓይነት ቅባት አይቀቡ፤ ቁስሉን በቀዝቃዛ ውሃ ያቆዩት።

ዕቃውን ሲያጸዱ የቀለጠ ሰም ሲንክ ውስጥ አይድፉ፤ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል። ዕቃው ሳይቀዘቅዝ በወረቀት ይጥረጉት፤ ወረቀቱ ለከሰል ማቀጣጠያ ይሆናል።

የቆየ ሻማ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሲያዩም ሻጋታ ነው ብለው አይጣሉት። ንጹሕ ሰም በብርድ ጊዜ ይህን ያወጣል፣ ከጥራቱ የመጣ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅ ወልወል ሲያደርጉት ይለቃል።