የስቴትን የወሲብ ወንጀለኞች መዝገብ በፌዴራል ድጎማ እንዴት ማሻሻል ይቻላል

በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸውን ሰዎች ይመዘግባል። መዝገቡ ቢያንስ ምን መያዝ እንዳለበት የሚደነግገው በ2006 የወጣው የአዳም ዋልሽ ሕግ ሲሆን፣ ይህ ክፍሉ ባጭሩ ሶርና ይባላል። አፈጻጸሙን የሚከታተለውም ሆነ ለማሻሻያ ድጎማ የሚሰጠው በፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ስማርት ቢሮ ነው።

1. ጉድለቱን ቁጠሩ። ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት 200 ያህል ፋይሎችን በዕጣ አውጥታችሁ አንድ በአንድ ፈትሹ። ፎቶው የቅርብ ነው? የጣትና የመዳፍ አሻራ አለ? የዲኤንኤ ናሙና ተወስዷል? ሶርና ተመዝጋቢዎችን በዋናነት በወንጀሉ ክብደት ከቀላሉ ወደ ከባዱ በሦስት ደረጃ ይከፍላል፦ የአንደኛ ደረጃ ተመዝጋቢ ለ15 ዓመት በየዓመቱ፣ የሁለተኛ ደረጃው ለ25 ዓመት በየ6 ወሩ፣ የሦስተኛው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በየ3 ወሩ በአካል ቀርቦ መረጃውን ማረጋገጥ አለበት። ቀጠሮው ያለፈበትን ሁሉ መዝግቡ። ገምጋሚውን የሚያሳምነው ይህ ቁጥር ነው፤ «መዝገባችን ያረጀ ነው» ማለት ብቻውን አያስኬድም።

2. ምንጩን ለዩ። አንዱ ስማርት ቢሮ ለሕጉ ማስፈጸሚያ በውድድር የሚሰጠው ድጎማ ነው። ሌላው ከጃግ፣ ማለትም የፌዴራሉ መንግሥት ለስቴቶች የፖሊስና የፍትሕ ሥራ ከሚሰጠው ድጎማ ይመጣል፦ ሶርናን በበቂ ሁኔታ ያላሟላ ስቴት ከጃግ ድርሻው 10 በመቶ ይቀነስበታል፤ ነገር ግን ለሶርና ሥራ ብቻ እንዲያውለው ጠይቆ ሊያስመልሰው ይችላል።

3. ምዝገባውን ቀድማችሁ ጨርሱ። ድጎማ ጠያቂ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ በፌዴራሉ መመዝገቢያ ድረ ገጽ በሳም ዶት ጎቭ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ነፃ ነው፣ በየዓመቱ ግን ይታደሳል። ማመልከቻው በመጀመሪያ በፌዴራሉ የድጎማ ድረ ገጽ በግራንትስ ዶት ጎቭ፣ ከዚያ ሙሉው በፍትሕ ሚኒስቴሩ የድጎማ ድረ ገጽ በጀስትግራንትስ ይገባል፤ ሁለቱ የየራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው። የመጀመሪያው ካመለጠ ሁለተኛው አይከፈትም። የምዝገባው ጊዜ ያለፈበት መሥሪያ ቤት ጥሩ ዕቅድ ይዞ በር ላይ ይቀራል።

4. በጀቱን በጉድለቱ ልክ ስሩ። የመዳፍ አሻራ ከጎደለ ማንሻ መሣሪያ፣ የወረቀት ፋይል ከበዛ ስካን የሚያደርግና የሚያመሳክር ሠራተኛ ይገባል። ስቴቱ ራሱ ሲከፍለው የኖረውን ደመወዝ ወደ ድጎማው ማዞር ክልክል ነው።

5. መረጃውን አጽዱ። ገንዘቡ መዋል ያለበት በዋናነት እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የድረ ገጹን መልክ ለማሳመር ይሮጣል። ባማረ ካርታ ላይ የተሳሳተ ቤት ማመልከት ደግሞ ንጹሕ ቤተሰብን ለጎረቤት ጥርጣሬ መዳረግ ነው። በኮምፒውተር ካርታ ላይ የተቀመጠ ነጥብ በተለይ አፓርታማና የገጠር መንገድ ላይ ስለሚስት፣ አድራሻውን ከሌላ ሰነድ ጋር አመሳክሩ።

ሰውን በስምና በትውልድ ቀን ብቻ አታዛምዱ። የእኛን አገር ስም አስቡ፦ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ሳይሆን የአባት ነው፣ «ተስፋዬ» በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል፣ ሞክሼውም ብዙ ነው። በአሻራ ካልተረጋገጠ አንዱ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረዋል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የሌላ ሰው ጥፋት በንጹሑ ላይ መለጠፉ ነው።

ለሕዝብ በሚታየው ገጽ ላይ የተጎጂው ማንነት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የፓስፖርት ቁጥርና ጥፋተኛ ያላስባለ እስር ፈጽሞ አይውጡ። የኢሜይል አድራሻም ለፖሊስ ብቻ ይቀመጥ።

6. የመረጃ ዝውውሩን ሞክሩ። ተመዝጋቢ መኖሪያ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ሲቀይር በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በአካል ቀርቦ ማሳወቅ አለበት። ወደ ሌላ ስቴት የሄዱ ጥቂት ሰዎችን መርጣችሁ መረጃው መድረሱን ተቀባዩን ቢሮ ጠይቁ። «ልከናል» ማለት አይበቃም፤ ሰው የሚጠፋው በላኪና በተቀባይ መካከል ነው።

በመጨረሻ እንደገና 200 ፋይል ፈትሹ። የፊተኞቹን አትድገሙ፣ አዲስ ዕጣ አውጡ፤ ሠራተኛው የሚያውቃቸው ፋይሎች ተስተካክለው ይጠብቃሉና።