ቶንሲል ሲነሳባችሁ ካፕሱል ከመግዛታችሁ በፊት

ጉሮሮ ሲያም ብዙ ሰው ቶሎ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ይሄድና አሞክሳሲሊን ይገዛል፤ ሻል ሲለው ያቆማል፤ የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል። እባካችሁ ይሄን እንተው።

መጀመሪያ ምልክቱን እዩ። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) ደግሞ ቫይረስን ምንም አያደርገውም። ሳል፣ ንፍጥና የድምፅ መጎርነን ካለ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሳይኖሩ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገት ላይ ንፍፊት ወጥቶ ሲነኩት የሚያም ከሆነ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ። በተለይ የታመመው ልጅ ከሆነ ችላ አትበሉ፤ ይህ ባክቴሪያ ሳይታከም ሲቀር በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቫልቭ ሕመም የዳረገውን መዘዝ ሊያመጣ ይችላል። ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምና ከተጀመረ ይሄን መከላከል ስለሚቻል ለመመርመር ጊዜ አላችሁ።

ቫይረስ ከሆነ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ለጉሮሮው ሻይ በማር (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም)። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። እንጥል ማስቆረጥና ቶንሲል ማስቧጠጥ ግን በፍጹም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ብዙዎቻችን «ጠንከር ያለውን ስጡኝ» ብለን አዚትሮማይሲን እንጠይቃለን፤ ሦስት ቀን ተውጦ ስለሚያልቅ ደስ ይለናል። ግን የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ እስካሁን ፔኒሲሊንን አልተላመደም (መቋቋም አልቻለም)፤ በብዙ አገር እየተላመደ ያለው እነ አዚትሮማይሲንን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የፔኒሲሊን ዓይነት የሆነውን አሞክሳሲሊንን ቀድመው ከሚታዘዙት፣ አዚትሮማይሲንን በጥንቃቄ ከሚታዘዙት መድቧቸዋል። ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ፤ የሚስማማችሁ ከሆነ ደግሞ አዚትሮማይሲን ሲታዘዝላችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን ለ10 ቀን ከታዘዘ 10 ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ቢሻለውም። አሥር ቀን የሚከብዳችሁ ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ስላለ እሱን ጠይቁ።

የምትውጡት ካፕሱል ጉሮሮ ላይ ብቻ አይቀርም። አፍና አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ያገኛቸዋል፤ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መቋቋም የቻሉት ይራባሉ፣ የመቋቋሚያ ዘረ መላቸውንም ለሌሎች ያቀብላሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ ያስጠነቀቀው ይሄንኑ ነበር፤ ምሳሌ ያደረገውም ጉሮሮው ታሞ ፔኒሲሊን ራሱ ገዝቶ ያላግባብ የወሰደ ሰውን ነው፤ ያ ሰው የተላመደውን ባክቴሪያ ለሚስቱ ያስተላልፍባታል፣ እሷም ትሞታለች።

ጥርስ መግል ከያዘም ያው ነው። ካፕሱሉ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ መግሉ ካልወጣ ወይም ጥርሱ ካልታከመ ተመልሶ ይመጣል፤ የጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ጉሮሮው በአንድ ጎን ብቻ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደ ግን እቤት አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።